በምሳር የተበሳው በር

እማማ እንቁ ማሉ ማለት አለቀ ማለት ነው። በአዘና ዙሪያ ይህን የማያውቅ የለም። ድሮ፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር በወሰን ተጣልተው «ከእንግዲህ ከዚህ ሰውዬ ቤት እሳት አልጭርም» ብለው ማሉና ክረምቱን ሙሉ እሳታቸው በጠፋ ቁጥር ወንዝ ተሻግረው ፍም ሲያመጡ ከረሙ። ሰውየው በኋላ ሽማግሌ ልኮ ታርቋቸዋል። ሴት ልጁንም ክርስትና አንስተውለታል። እሳቱን ግን እስከ ዛሬ አልጫሩም።

ስለዚህ በዚያ በነሐሴ ዝናብ፣ እንጅባራ ልጃቸው ቤት፣ ጓዳው ውስጥ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ የተሰባበረውን በር ፊት ለፊት እያዩ የማሉ ዕለት ምራታቸው ያለምወርቅ ነገሩ እንዳለቀ አወቀች።

«ስሙኝ» አሉ። ልጃቸው ይኸነውና ያለምወርቅ ቆመው ይሰማሉ። «የሰው ቤት አፍርሼ አልሄድም። ይህ በር እንደነበረ እስኪሆን ከዚህ ንቅንቅ አልልም። እንደነበረ በሆነ ማግስት ግን አንዲት ቀን አላድርም፤ አዘና ቤቴ እገባለሁ። ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው።»

ይኸነው አፉን ሊከፍት ሲል ያለምወርቅ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እማማ እንቁን ከማሉ በኋላ መከራከር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ተያይዘው ወጡ።

የበሩ ነገር እንዲህ ነው። እማማ እንቁ ባላቸው ካረፉ ወዲህ አዘና ገጠሩ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። ይኸነው ለምኖ ለምኖ፣ «ክረምቱን እንኳ ከእኛ ጋር ይክረሙ» ብሎ በሐምሌ መጨረሻ በሚነዳው ሚኒባስ አመጣቸው። ጓዛቸው አንድ እስር ነበረች፤ ባላቸው ሲያርሱበት በኖሩት የበሬ ቆዳ ጠፍር ጥፍንግ አድርገው አስረዋታል። ባልና ሚስቱ ጓዳውን ለቀውላቸው ከልጆቻቸው ጋር ሳሎን ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘረጉ። እማማ እንቁም የመጀመሪያዋን ምሽት የጓዳውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።

«እማማ፣ ከተማ ነው እኮ፤ ጅብ አይመጣም» አለቻቸው ያለምወርቅ በማግስቱ።

«ለጅብ ብዬ መች ዘጋሁ» አሉ። «ያልተቀረቀረ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከእኔ ጋር የሚያድር መቀርቀሪያዬ ብቻ ነው።»

ያለምወርቅም ከዚያ ወዲህ የመቀርቀሩን ነገር አላነሣችባቸውም።

ፍልሰታ ገባች። የነፍስ አባታቸው «በሽተኛ ነዎት» ብለው ከጾሙ ነፃ አድርገዋቸዋል። እማማ እንቁ ግን ፍልሰታን የማትጾም የአገው ባልቴት አይተውም ሰምተውም አያውቁም፤ የመጀመሪያዋ መሆን ደግሞ አልፈለጉም። ስለዚህ ምራታቸው የምታቀርብላቸውን ቁርስና ምሳ ጓዳ ይዘው ይገቡና በመስኮቱ ፍርግርግ ለግቢው ዶሮዎች ይወረውሩታል። ዶሮዎቹ በዚያ ሰሞን ሲወፍሩ ያለምወርቅ ጤፍ ረክሶ ጎረቤት የሚበትንላቸው መስሏት ነበር። ኪኒናቸውን ግን አላጎደሉም። ሐኪም «አደራ፣ እንዳያቋርጡ» ብሏቸዋላ! ለእግዜርም ለሐኪምም ታማኝ ልሁን ብለው በባዶ ሆዳቸው የስኳር መድኃኒት ሲውጡ ሰነበቱ። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ደግ ሰው ካልሆነ ማን ይሳሳተዋል?

አንድ ቀን ጠዋት አልተነሡም። እማማ እንቁ ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው የሚጸልዩ ሴት ናቸው። ያለምወርቅ አንኳኳች። ተጣራች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ብታዳምጥ ከውስጥ የሚሰማው ማቃሰት ነው። በሩን ገፋችው፤ ተቀርቅሯል። በዚያ ላይ የክረምቱ እርጥበት አሳብጦት ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። ይኸነው በሌሊት ተነሥቶ ዳንግላ ሄዷል፤ ስልኩን ብትሞክር ኔትወርክ የለም። ያን ጊዜ ደጅ ወጥታ እሪ አለች።

ጎረቤቷ መሳፍንት ከመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና ሶፋ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነው። ቀርከሃ የሚፈልጥበትን ምሳር እንደያዘ መጣ።

«ልስበረው?»

«ስበረው።»

ከመቀርቀሪያው አጠገብ መታው። በሩ በሁለት በኩል ኮምፔርሳቶ የሚሉትን ስስ ጣውላ የለበሰ ነገር ስለሆነ ምሳሩ ጠልቆ ገባ። በቀዳዳው እጁን ሰዶ፣ ክንዱ እየደማ፣ መቀርቀሪያውን ታግሎ ሳበው። በሩ አሁንም ከመቃኑ አልላቀቅ ሲል በእግሩ ቢለው ታችኛው ክፍል ተገነጠለ፤ አንዱ ማጠፊያም ተነቅሎ ወደቀ። እማማ እንቁ በላብ ተዘፍቀው አልጋው ላይ ተዝለፍልፈዋል። ወደ ሥራ ልትሄድ የነበረችው ነርሷ ጎረቤታቸው ደጊቱ እሪታውን ሰምታ ደረሰች፤ ስኳራቸው እንደወረደ ባንድ እይታ አወቀችና ድዳቸውን ማር ቀባች። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል። እዚያም ግሉኮስ ተደረገላቸውና ዓይናቸውን ገለጡ። ገና ዓይናቸውን ከመግለጣቸው «በሩን ማን ሰበረው?» አሉ።

«ለጥቂት ነው የተረፉት» አለቻት ደጊቱ ያለምወርቅን ኮሪደር ላይ። «ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አበቃ ነበር።»

ይህች ቃል ያለምወርቅ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አዘና ቢሆን ኖሮስ? የእማማ እንቁ ቤት ከሰው ቤት ይርቃል። ዙሪያው የገብስና የድንች ማሳ ነው። ማን ማቃሰታቸውን ይሰማል? ማንስ ምሳር ይዞ ይመጣል? ወደዚያ ከተመለሱ የሚቀጥለው ጊዜ የመጨረሻው ነው። ይህን እሷ ታውቃለች፤ ይኸነውም ያውቃል፤ እማማ እንቁም ሳያውቁት አይቀሩም። ምለዋል ግን።

አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል። ይህን ያለ ሰው እማማ እንቁን አላገኘም። ያለምወርቅ እናቷን በልጅነቷ ያጣች የዳንግላ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አራስ ቤት የሚገባላት ዘመድ አልነበራትም። እማማ እንቁ ቅቤያቸውንና የገብስ ዱቄታቸውን አዝለው ከአዘና መጥተው፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እግሯን እያጠቡ፣ ገንፎውን በእጃቸው እያጎረሱ አረሷት። ሌሊት ሌሊት ሕፃኑን ይዘው «አንቺ ተኚ፣ እናትሽ አለሁ» ይሏት ነበር። ይህ ቤት ቆርቆሮ ያጣ ጊዜም በሬያቸውን ሸጠው ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ እኒህን ሰው በአንድ በር ምክንያት ትልቀቃቸው?

መሳፍንት ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ በሩን ሊያይ መጣ። ይኸነው የአዲስ በር ዋጋ ጠይቆ መጥቶ ነበርና ፊቱ እንደ ሰማዩ ጠቁሯል። ሚኒባሱ የሰው ነው፤ ነዳጅ እንደልብ አይገኝም፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ደርሷል።

«አዲስ ምን ያደርጋል» አለ መሳፍንት በሩን በጣቱ እያንኳኳ። «አጥንቱ ደህና ነው። የተገነጠለውን ቆርጬ ጥዬ በስንጥቅ ቀርከሃ አለብሰዋለሁ። ማጠፊያውን መልሼ እመታለሁ። ቀዳዳውን በሰጋቱራና በኮላ፣ ከላዩ ስቱኮ። እንጨቱም ቀርከሃውም ከእኔ ትራፊ ይገኛል። ቀለም ደጊቱ ቤቷን ያስቀባች ጊዜ የተረፈ አላት። የምትገዙት ምስማር፣ ኮላና ስቱኮ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ብትሰጡኝ ይበቃኛል።»

ያለምወርቅ እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ሁለት ቀን አይሆንም» አለችው።

«በዛ? እሺ፣ በአንድ ቀንም—»

«አነሰ ነው የምልህ። በጣም አነሰ። አዘግይልኝ።»

መሳፍንት በሕይወቱ አዘግይልኝ የሚል ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ሰው ሁሉ ቶሎ ጨርስ እያለ ሲነዘንዘው ነው የኖረው። ነገሩን ስታስረዳው ራሱን አከከና ሳቀ። «ጉዳዩ ማዘግየት ከሆነማ ከእኔ የተሻለ አናጺ አታገኚም» አለ። «ያዘዙኝን ሁሉ ጠይቂ፤ ይመሰክሩልሻል።»

እውነቱን ነው፤ ተክኖበታል። በሩ ከመቃኑ ወርዶ ደጅ ጣሪያው ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋደመ። ጓዳው ላይ አንሶላ ተሰቀለ። መሳፍንት አንድ ቀን ይመጣል፣ የተገነጠለውን ይቆርጣል፣ «እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ይድረቅ» ብሎ ይሄዳል። ሌላ ቀን ይመጣል፣ ኮላ ይቀባል፣ «በዚህ ዝናብ ኮላ መቼ ይይዛል» ብሎ ይሄዳል። የብረቱ መቀርቀሪያ ተጣሞ ስለነበር ከዋንዛ እንጨት አዲስ ልጥረብ ብሎ አንድ ሳምንት የሚያህል ጠረበ። ለቤተ መንግሥት የሚሠራ ነው የሚመስለው። ይኸነው ማታ ማታ ሲመጣ በሩን እያየ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ ሚስቱ ትቆጣዋለች።

ደጊቱ በየጠዋቱ እማማ እንቁን ትለካለች። ያለምወርቅ ደግሞ ሲበሉ ፊታቸው ቁጭ ትላለች። አሁን ለዶሮ የሚተርፍ የለም። ዐደይ አበባ ሜዳውን ስትሞላው የእማማ እንቁም ጉንጭ ሞላ። እንቁጣጣሽ አለፈ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር መሳፍንት የሠራላቸውን የቀርከሃ ዱካ ይዘው ይወጡና ከበሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። በየቀኑም በመዳፋቸው ይዳስሱታል።

«ዛሬም አልጨረሰም?»

«አልደረቀም እማማ።»

«እምም።»

ሥራ ፈትተው መቀመጥ የማያውቁ ሰው ናቸውና አንድ ቀን ከመሳፍንት የብርጭቆ ወረቀት ተቀብለው ኮምፔርሳቶውን ያለሰልሱ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በሩ የሳቸው ሆነ። ያለምወርቅ ሽንኩርት እየላጠች፣ እሳቸው እየፈገፈጉ ሲጨዋወቱ ይውላሉ። እንደዚያ ሰሞን ተደስታ አታውቅም። እናት ያላቸው ሴቶች ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚውሉት ብላ ትቀና ነበር፤ አሁን በሷ ቤት ሆነላት። በልቧ ምሳሩን ትመርቃለች።

«የአዘናው ቤቴ በር ባሌ በእጁ የሠራው ነው» አሉ አንድ ቀን ሥራቸውን ሳያቋርጡ። «ፈረስ ወዳድ ነበር ነፍሱን ይማረውና። ለጊዮርጊስ ፈረስ ግልቢያ ከወጣ አምሽቶ ነው የሚመጣ። እኔ ደግሞ ሳልቀረቅር አልተኛም። ተነሥቼ እንዳልከፍትለት ብሎ በሩን በሳና ጠፍር አሾለከበት። አንዱ ጫፍ መቀርቀሪያው ላይ ታስሯል፤ አንዱ ውጭ ይንጠለጠላል። ሲመጣ ጠፍሩን ሳብ፣ ከፈት፣ ይገባል። እኔ እንቅልፌን።»

«እንዴት ያለ ብልሃት ነው። አሁንም አለ?»

«እሱ ከሞተ በኋላ ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈንኩት» አሉ። «ማን ሊስበው?»

ያለምወርቅ ሽንኩርቱ አስለቀሳት ወይስ ሌላ ነገር፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። እማማ እንቁ ፈግፍገው ፈግፍገው ትቢያውን እፍ አሉት።

መቼም ያለቀ ነገር ያልቃል። መስቀል ሲቃረብ የመሳፍንትም ሰበብ አለቀ። የቀርከሃው ልባስ ተመትቷል፣ ማጠፊያው ተስተካክሏል፣ መቀርቀሪያው እንደ መስታወት ለስልሷል። የምሳሩ ቀዳዳም ተደፍኖ ስቱኮ ተለስኖበታል። የቀረው ቀለም ነው። «ከእንግዲህ ምን ልበል?» አለ ለያለምወርቅ በሹክሹክታ። «አናጺነቴን ሊጠራጠሩት ጀምረዋል።»

በማግስቱ ገና ሲነጋ፣ ጭጋጉ ከግቢው ሳይነሣ፣ ያለምወርቅ የወጥ ማንኪያ ይዛ ወጣች። በሩ ላይ አጎንብሳ የስቱኮውን ጠርዝ ፈልፍላ አነሣችው፤ ከዚያ የሰጋቱራውን ድፍን በማንኪያው ጀርባ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ታች ጣለችው። ቀዳዳው እንደገና ተከፈተ። ቀና ስትል እማማ እንቁ ነጠላቸውን ለጸሎት አጣፍተው ከኋላዋ ቆመዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ስቱኮው... ተሰንጥቆ እኮ ነው እማማ፣ እኔ—»

«ያለምወርቅ።»

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በሆዷ የከረመውን ሁሉ አፈሰሰችው።

«አይሂዱብኝ» አለች። «ያኔ ስጠራዎት፣ ስጮህ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሲያቃስቱ ስሰማ... እዚያ ቢወድቁ ማን ይሰማዎታል? ማን ምሳር ይዞ ይመጣል?»

«በመሐላዬ ስትጫወቺ ከረምሽ ማለት ነው።»

«አዎ።»

እማማ እንቁ ዱካቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ልጄ ወለል ላይ ተኝቶ ይነዳል» አሉ። «ጎረቤት በእኔ ምክንያት ቆሰለ። አንቺ ጠዋት ማታ አፌን ስትጠብቂ ትውያለሽ። እኔ ሰው የምረዳ እንጂ ሰው ላይ የምወድቅ ሴት አልነበርኩም። በር እያሰበርኩ ልኑር?»

«ይህን ቆርቆሮ ማን አለበሰው? አራስ ሆኜ እግሬን ማን አጠበው? ያኔ እኔ እርስዎ ላይ ወደቅሁ ብዬ ወጥቼ ሄድኩ?» አለች ያለምወርቅ እያለቀሰች። «እኔ እናቴን አላውቃትም። እናትሽ አለሁ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ እናት በር ተሰበረ ብላ ትሄዳለች?»

እማማ እንቁ በአገውኛ የሆነ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙና ተነሥተው ወደ ጸሎታቸው ሄዱ። መሳፍንት ሲመጣ ግን ድምፃቸው የቆረጠ ነበር። «ዛሬ ትቀባለህ፣ ነገ ትሰቅላለህ። ይህ ካልሆነ ሌላ አናጺ አስመጣለሁ።» ጓዛቸውንም ሰብስበው በጠፍሩ ጥፍንግ አድርገው አሰሩ።

በነጋታው ይኸነው የመጀመሪያውን ጉዞ ለሌላ ሹፌር ለቆ ሚኒባሱን ደጃፍ አቆመ። መሳፍንት በሩን ሰቀለ። ደስ ይል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤ ከላይ የደጊቱ ትራፊ ሰማያዊ ቀለም፣ ከታች የቀርከሃው ወርቃማ ስንጥቅ፣ በአንድ ጣት ቢገፋ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ግን ቀና ብሎ ያየው የለም። የቀረችው ያቺው ቀዳዳ ብቻ ናት። መሳፍንት ስቱኮውን በጠፍጣፋ ብረት ላይ ለውሶ ያለምወርቅን አያት። እሷም በዓይኗ ድፈነው አለችው። ምን ታድርግ? ከዚህ በላይ በእማማ እንቁ መሐላ አትጫወትም። ደግሞ ምስጋናዋም አልጎደለም፤ ክረምቱን ሙሉ እናት ነበረቻት። ይህን ለራሷ እየነገረች ከበሩ ዞር አለች።

«ቆይ» አሉ እማማ እንቁ። «መጀመሪያ መዝጋቱን ልየው።»

እስራቸውን ይዘው ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። ግጥም አለ። ከዚያ አዲሱ መቀርቀሪያ ሸርተት ብሎ ሲገባ ተሰማ። ሳሎን ውስጥ ያሉት ሁሉ ያቺን ጠዋት አስታውሰው ተያዩ። ከውስጥ ኮሽታ ይሰማል። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«እማዬ?» አለ ይኸነው።

ያለምወርቅ ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ በምሳሩ ቀዳዳ የአንዲት ጣት ጫፍ ብቅ አለች። ጣቷ የቀዳዳውን ዙሪያ ዳሰሰችና ተመለሰች።

«መሳፍንት» አሉ ከውስጥ።

«አቤት እማማ።»

«ስቱኮውን አስቀምጥ።»

ከዚያ በቀዳዳው የጠፍር ጫፍ ሾልኮ ወጣና በዚህ በኩል ተንጠለጠለ። የበሬ ቆዳ ጠፍር ነው፤ በእርሻ ብዛት የጠቆረ። ጓዛቸው የታሰረበት ጠፍር።

«ያለምወርቅ፣ ሳቢው።»

ጫፉን ያዘችው። ስትስበው ከወዲያ በኩል የዋንዛው መቀርቀሪያ ሸርተት ሲል ተሰማት፤ በሩም ተከፈተ። እማማ እንቁ ቆመዋል። ከኋላቸው እስሩ ተፈትቶ ቀሚሳቸው፣ ጋቢያቸው፣ የጸሎት መጽሐፋቸው አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

«የባሌ ቤት በር እንዲህ ነበረ» አሉ። «እኔ ቀርቅሬ እተኛለሁ። ካልተነሣሁ አንቺ ትስቢያለሽ። ከእንግዲህ ምሳር አያስፈልግም።»

ይኸነው ተፈትቶ የተዘረጋውን ጓዝ አየ። «እማዬ፣ መሐላውስ?» አለ። ያለምወርቅ ልታንቀው ምንም አልቀራት።

«መሐላዬን መች አፈረስኩ?» አሉ እማማ እንቁ ቆጣ ብለው። «በሩ እንደነበረ ሲሆን እሄዳለሁ ነው ያልኩት። ቀድሞ ይህ ቀዳዳ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እንግዲያስ እንደነበረ አልሆነም። ይህ ቀዳዳ እስካለ ድረስ እኔ ወዴት እሄዳለሁ?» ብለው ወደ መሳፍንት ዞሩ። «አንተም፣ በኋላ መጥተህ ሰው ሳያይ እንዳትደፍነው።»

«ምን በወጣኝ እማማ» አለ መሳፍንት። ስቱኮውን በደስታ ደጅ አውጥቶ ደፋው።

ያለምወርቅ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል በትከሻዋ ያዟት። «ተይ» አሉ። «ወንዝ ተሻግሬ እሳት ሳመጣ የኖርኩ ግትር ነኝ። ያን ክረምት ያ ሰውዬ ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ መጥቶ አይሂዱብኝ ቢለኝ ኖሮ እመለስ ነበር። አላለኝም። አንቺ አልሽኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባሌ ሲሞት ቀዳዳው ላይ የወተፍኩትን ጨርቅ ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ።»

ይኸነው ሚኒባሱን አስነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ነበር፤ እንባውን ማንም ያላየው መሰለው።

በማግስቱ ያለምወርቅ እንደ ወትሮዋ ስትነሣ ጓዳው ገና ጸጥ ብሏል። ከበሩ ፊት ቆማ ጠፍሩን በመዳፏ ያዘችው። አልሳበችውም። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አለች ቀስ ብላ። ትንሽ ቆይቶ ጠፍሩ ከወዲያ በኩል ተሳበ፤ መዳፏ ውስጥ ሸርተት ሲል ተሰማት፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ድምፃቸው ከውስጥ። «አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና» አለች ያለምወርቅ። ጠፍሩን ለቃ ቁርሳቸውን ልታቀርብ ሄደች።